ስለ ጥፍር ቀለም አደራረብ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንዲት የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ንባብ ጥቅም አሰምተዋችኋል። የኔ አርእስት ከነዚህ ጋር ሲተያይ ትንሽ መስሎ እንደሚታይ አውቃለሁ፤ ልናገር የተነሣሁት በቤት ውስጥ ስለሚሠራው የጥፍር ቀለም አደራረብ ነውና። አንዳንዶቻችሁም ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ይሁን እንጂ ነገሩን በሚገባ ብንመረምረው ኬሚስትሪ፣ የብርሃን ትምህርት፣ የእጅ ሞያና የቤተ ሰብ ጤና በአንድነት የሚገናኙበት ሥራ ሆኖ እናገኘዋለን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ ሥራ በየቤታችን፣ ብዙ ጊዜም ሕፃን በተኛበትና ከሰል በተያያዘበት ክፍል ውስጥ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ እንደ ቀልድ ቆጥረን ብናልፈው የሚጎዳው የገዛ ቤተ ሰባችን ነው።

እጅን ማስጌጥ ከውጭ አገር የመጣ ልማድ ነው የሚል ሰው ቢኖር አያቶቹን ይጠይቅ። የደጋው አገር ሴቶች የእንሶስላን ሥር ወቅጠው እጃቸውንና እግራቸውን ሲያቀሉበት ኖረዋል፤ በሐረርና በሌላውም የምሥራቅ አገር ሂና የታወቀ ነው። የሂና ቀለም ጥፍሩን ከላይ አይሸፍነውም፤ ወደ ውስጥ ዘልቆ ያቀላዋል እንጂ። ስለዚህ የቀላው ክፍል አድጎ እስኪቆረጥ ድረስ ጥፍሩ ላይ ይቆያል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ አንድ ጥፍር ፈጽሞ እስኪተካ 6 ወር ገደማ ይፈጅበታል።

ብዙ ሰው ኩቴክስ እያለ የሚጠራው የጠርሙስ ቀለም ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በውስጡ ያለው ዋና ነገር ናይትሮሴሉሎስ ይባላል፤ ይህም ከጥጥ ወይም ከእንጨት የሚገኘው ሴሉሎስ በናይትሪክ አሲድ ተለውጦ የሚሠራ ነው። እርሱም ኤቲል አሴቴትና ቡቲል አሴቴት በሚባሉ ፈሳሾች ውስጥ ይሟሟል። ቀለሙን ስንቀባ ፈሳሾቹ ተንነው ይሄዳሉ፤ ናይትሮሴሉሎሱ ከሙጫውና ከማቅለሚያው ጋር ስስ ሽፋን ሆኖ ጥፍሩ ላይ ይቀራል። እንግዲህ ‹‹ደረቀ›› ማለት ‹‹ፈሳሹ ተንኖ አለቀ›› ማለት ነው። ይህን አንድ ነገር ያስተዋለ ሰው ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ አይከብደውም።

በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1932 የተመሠረተው ሬቭሎን የሚባለው ኩባንያ ስሙ የተነሣው ጥፍሩን ፈጽሞ የሚሸፍን ድፍን ቀለም በመሸጥ ነው። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ ድፍኑ ሳይሆን ብርሃን ስለሚያሳልፈው ስስ ቀለም ነው። ልዩነቱን ለመረዳት ነጠላንና ጋቢን ማሰብ ይበቃል። ነጠላ ሳሳ ያለ ስለ ሆነ ከበስተኋላው ያለው ነገር በመጠኑ ይታያል። ጋቢ ግን አራት እጥፍ ስለ ሆነ ምንም አያሳይም፤ ፈትሉ ያው ጥጥ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው የድርቡ ብዛት ነው። ስሱም የጥፍር ቀለም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ ሲቀባ ጥፍሩ ይታያል፤ ሁለት ጊዜ ሲቀባ ይደምቃል፤ ሦስትና አራት ጊዜ ሲደረብ ግን ጥልቅ ይሆናል።

ይህንንም በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። አንድ ድርብ ቀለም ከሚደርሰው ብርሃን ከ100 እጅ 70ውን ያሳልፋል እንበል። ከቀለሙ በታች ብልጭልጭ ብናስቀምጥና ብልጭልጩ የደረሰውን ብርሃን ሁሉ ይመልሳል ብለን ብናስብ፣ ብርሃኑ ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ሲመለስም ሌላ ጊዜ በቀለሙ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ወደ ዓይናችን የሚመለሰው ከ100 እጅ 49 ብቻ ነው። ሁለት ድርብ ከሆነ 24 ያህል፣ ሦስት ድርብ ከሆነም 12 ያህል ይቀራል። ከዚህ የተነሣ በላይኛው ድርብ ያለው ብልጭልጭ ቅርብ፣ በታችኛው ድርብ ያለው ደግሞ በውኃ ውስጥ እንደ ወደቀ ሳንቲም ሩቅ መስሎ ይታያል። የዚህ ሥራ ውበት ሁሉ ያለው በዚሁ ላይ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ።

በመጀመሪያ የቀድሞውን ቀለም በአሴቶን ማስለቀቅ፣ እጅን በሳሙና ታጥቦ በደንብ ማድረቅ፣ የጥፍሩንም ጫፍ በሞረድ ወደ አንድ አቅጣጫ ማስተካከል ያስፈልጋል። በጥፍሩ ሥር ያለው ቆዳ መቆረጥ የለበትም፤ እርሱ ተሕዋስያን እንዳይገቡ በር የሚዘጋ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ስስ ግልጽ ቅብ ይቀባል። ይህ ግልጽ ቅብ ቀለሙ ጥፍሩን እንዳያቢጫውና በሚገባ እንዲይዝ ይረዳል።

በሁለተኛ ደረጃ ብርሃን አሳላፊው ቀለም ይቀባል። ብሩሹ አንድ ጊዜ በመካከል፣ አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ ቢሄድ ይበቃዋል። ቶሎ ለመጨረስ ብሎ አወፍሮ መቀባት ግን ሥራውን ያበላሻል። የወፈረ ቀለም ላይ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና እንደ ቆዳ ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ይቀራል፤ በማግሥቱም ይሸበሸባል ወይም ተልጦ ይነሣል። አባቶቻችን ‹‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል›› ያሉት ለዚህም ሥራ የሚስማማ ነው። ሦስት ስስ ድርብ ከአንድ ወፍራም ድርብ ይበልጣል። በድርቦቹም መካከል ቢያንስ 5 ደቂቃ መታገሥ ይገባል።

በሦስተኛ ደረጃ ብልጭልጩ ይቀመጣል። ብልጭልጭ በብዛት የሚሠራው እጅግ ስስ ከሆነ ፕላስቲክና በላዩ ከተነጠፈ አሉሚኒየም ነው። በግልጽ ቀለም ውስጥ የተበተነውን መቀባት ይቻላል፤ ተለቅ ያሉትን ፍሬዎች ደግሞ በእንጨት ስንጥር ጫፍ እያነሡ አንድ በአንድ ማስቀመጥ ይሻላል። ብዙ መበተን አያስፈልግም፤ በፍሬና በፍሬ መካከል ቀለሙ መታየት አለበት። ከደረቀ በኋላ ሌላ የአሳላፊው ቀለም ድርብ ከላይ ይደረባል። በዚህ ዓይነት ብልጭልጩ በሁለት ድርብ መካከል ተይዞ ይቀራል።

በአራተኛ ደረጃ የማኅተሙ ሥራ ይመጣል። ለዚህም አበባ ወይም ሐረግ በጥልቀት የተቀረጸበት ትንሽ የብረት ሰሌዳ፣ መፋቂያ ካርድና ለስላሳ የጎማ ማኅተም ያስፈልጋሉ። ቀለሙ በሰሌዳው ላይ ይንጠባጠባል፤ ካርዱ ትንሽ ዘንበል ተደርጎ አንድ ጊዜ ሲፋቅ ትርፉ ቀለም ይጠረግና በተቀረጸው ጎድጓዳ ውስጥ ያለው ብቻ ይቀራል። ወዲያው ለስላሳው ማኅተም ጫን ተብሎ ሲነሣ ሥዕሉን ይዞ ይነሣል፤ በጥፍሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲንከባለልም ሥዕሉን ያሳርፈዋል። በእጅ ሰዓት ፊት ላይ ቁጥር የሚያትሙ ፋብሪካዎችም በዚሁ ዘዴ ይሠራሉ። ይህ ሁሉ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ መፈጸም አለበት፤ በሰሌዳው ላይ የደረቀ ቀለም አይነሣምና።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መታወስ አለባቸው። አንደኛው፣ ማኅተም በሻካራ ነገር ላይ በሙሉ አያርፍም። ስለዚህ ብልጭልጩ ወጣ ገባ ካደረገው አስቀድሞ በግልጽ ቅብ ማስተካከልና ፈጽሞ እስኪደርቅ መጠበቅ ያሻል። ሁለተኛው፣ የመጨረሻው ግልጽ ቅብ ሲቀባ ብሩሹ ሥዕሉን መጫን የለበትም። በብሩሹ ጫፍ ያለው ጠብታ ቀለም ብቻ ነክቶት እንዲያልፍ ማድረግ ነው፤ አለዚያ በቅቡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሥዕሉን እንደ ገና አሟሙቶ ያጠፋዋል። ቅቡም የጥፍሩን ጫፍ ጭምር ቢሸፍን ቀለሙ ቶሎ አይሰበርም።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ከዚህ በታች የምለው በተለይ ለእናንተ ነው።

የጥፍር ቀለምና አሴቶን በቀላሉ እሳት ይይዛቸዋል። እንፋሎታቸው ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ይወርዳል፤ በወለልም ላይ እየተሳበ ራቅ ካለ እሳት ሊደርስ ይችላል። የከሰል ምድጃችን የሚቀመጠው ደግሞ በወለል ላይ ነው። ስለዚህ ከሰል፣ ሻማ፣ የቡና ማፍያ እሳት ወይም ጋዝ ባለበት ክፍል ውስጥ ይህ ሥራ ፈጽሞ ሊሠራ አይገባም። መስኮቱ ወይም በሩ ተከፍቶ፣ ሕፃናትም ከክፍሉ ወጥተው መሆን አለበት። በየድርቡ መካከል ጠርሙሱ ይከደን፤ አሴቶንም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ አይቀመጥ፤ ሕፃን ውኃ መስሎት ሊጠጣው ይችላልና። ‹‹ልጄ ሆይ፣ ተዪው!›› ከማለት ይልቅ ‹‹ልጄ ሆይ፣ በበረንዳው ላይ ሥሪው!›› ማለት የበለጠ ይጠብቃል። የተከለከለ ነገር በር ተዘግቶ ይሠራል፤ በር ተዘግቶ ሲሠራም አደጋው ይብሳል።

ስለ አስለቃቀቁም ጥቂት ልናገር። ብልጭልጭ ያለበት ቀለም በማሸት አይለቅም። ጥጥ በአሴቶን ነክሮ በጥፍሩ ላይ ማድረግና በፎይል ጠቅልሎ 10 ደቂቃ ያህል መቆየት ይበቃዋል። በስለት መፋቅ ግን የጥፍሩን ገጽ ይልጠዋል። የወጣውም ብልጭልጭ ከጥጡ ጋር በቆሻሻ ማጠራቀሚያ ይጣል እንጂ በቧንቧ አይታጠብ፤ ፕላስቲክ ስለ ሆነ ወደ ወንዝ ወርዶም አይበሰብስም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የላላ የፕላስቲክ ብልጭልጭ ሽያጭን መከልከል የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

በመብራት የሚደርቀው ጄል የሚባለው ቀለም ዛሬ ከተናገርኩት የተለየ ነው። እርሱ በሚገባ ሳይደርቅ ቆዳን ሲነካ አለርጂ ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ያልተማረ ሰው በቤት እንዲሞክረው አልመክርም።

አሁን ‹‹ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ጊዜ ማባከን አይደለምን?›› ለሚሉ መልስ ልስጥ። በትምህርት ቀን እጃችን ባዶ መሆኑ ተገቢ ነው፤ እኔ የምናገረው ስለ ዕረፍት ጊዜ፣ ስለ ሠርግና ስለ በዓል ነው። እኛ በእጃችን የምንበላና ሊጥ በእጃችን የምናቦካ ሕዝብ ስለ ሆንን፣ መላላጥ የጀመረ ቀለም ይዛ ወደ ማዕድ የምትቀርብ ልጅ ሞያዋ አልተሟላም። ማስጌጥ ብቻ ሳይሆን በጊዜው ማስለቀቅም የሞያው ክፍል ነው። ሐኪሞችም የታመመ ሰው ጥፍር መንጣቱን ወይም መጥቈሩን አይተው የደም ማነስን ወይም የአየር እጥረትን ይጠረጥራሉ። ስለዚህ ወደ ሐኪም ቤት፣ ይልቁንም ወደ ቀዶ ጥገና የሚሄድ ሰው ጥፍሩን ገልጦ መሄድ አለበት።

እኔ ራሴ ከዚህ ትምህርት ቤት ስወጣ ነርስነት ለመማር አስባለሁ። በሽተኛ የሚነካ እጅ ጥፍሩ አጭርና ንጹሕ መሆን እንዳለበት አውቃለሁ፤ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያም የጥፍር ጫፍ ከግማሽ ሴንቲሜትር እንዲያንስ፣ ሰው ሠራሽ ጥፍርም እንዳይደረግ ተጽፏል። ስለዚህ ይህን ጌጥ በሥራ ቀን ልተወው ነው። ሆኖም ከዚህ ሥራ የተማርኩትን አልተወውም። መታገሥን፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አለመደረብን፣ የማይታየውን የታችኛውን ድርብ እንደሚታየው አድርጎ በጥንቃቄ መሥራትን ተምሬበታለሁ። መርፌ የሚይዝ፣ ቁስልም የሚያሥር እጅ ይህን ሁሉ ይፈልጋል።

በመጨረሻም አንድ ነገር እለምናለሁ። ከእኅቶቻችን መካከል ለሙሽሮችና ለሚዜዎች ጥፍር እየሠሩ ቤተ ሰባቸውን የሚረዱ አሉ። ሥራቸው በኬሚካል መካከል መዋልን፣ የጠራ ዓይንንና የማይንቀጠቀጥ እጅን የሚጠይቅ ነው። ‹‹ሙያ በልብ ነው›› ይባላልና፣ ሥራቸውን ከመናቅ ይልቅ መስኮታቸው ሰፊ፣ ጠርሙሳቸውም በትክክል የተጻፈበት እንዲሆን እንርዳቸው። ወንዶች ወንድሞቻችንም ከመሳቅ ይልቅ ምድጃውን ወደ ውጭ ቢያወጡልን ትልቅ ውለታ ነው።