የሳነቴ ማዕድ

በባሌ ተራሮች ከጎባ በላይ ያለው የሳነቴ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፣ ሌሊት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል። በዚያ ብርድ ጅብራ የተባለው ተክል ዓመታት ሙሉ ቀስ እያለ ያድጋል፤ አንዴ ብቻ ከሰው ቁመት በላይ አብቦ፣ ዘሩን በትኖ ይደርቃል። “ይህማ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ እግዚአብሔርን ምን አመጣው?” የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ግን ማን ሰጠው የሚለውን አይመልስም፤ እንዲያውም ባወቅን ቁጥር መደነቃችን ይብሳል።

የሚከብደው ሌላኛው ሙግት ነው። ቀይ ቀበሮ ከባሌ በቀር በዓለም የትም የማይገኘውን ትልቁን ፍልፈል ጉድጓዱ አፍ ላይ አድፍጦ ይይዘዋል። ሞት ባለበት ምስጋና ከየት ይመጣል? ዳዊት በመዝሙር 104 (በግእዙ ቁጥር 103 ነው) ይህን አልሸሸገም፤ የአንበሳውን አደን እንኳ ከፈጣሪ ምግብ መለመን አድርጎ ቈጥሮታል። ስለዚህ የክርስቲያን ምስጋና ዓይን ጨፍኖ የሚቀርብ አይደለም፤ ማንም በራሱ እንደማይኖር አምኖ መቀበል ነው። የባሌዋ ሲናና ስንዴም በገበሬው ላብ ይታጨዳል፣ ዝናቡን ግን የዘራው ገበሬ የለም። ምስጋና ደግሞ በአፍ ብቻ አይሆንም። ሳነቴን የያዘው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ወይብ ወንዝም ከነዚሁ ተራሮች ተነሥቶ፣ የሶፍ ዑመርን ዋሻ አቋርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል። ስለዚህ እባካችሁ፣ ዛሬ ጠዋት ከጸለያችሁ በኋላ አስታ የተባለውን የተራራ ቁጥቋጦ የሚያቃጥል ካያችሁ ዝም አትበሉ።