ቤትና ደመወዝ



ቀድሞ መንቆረር በተባለችው በደብረ ማርቆስ በኪራይ ቤት የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ የቤትን ፖሊሲ የሚመዝነው በተሠራው ቤት ብዛት አይደለም፤ ኪራይ ከፍሎ ከደመወዙ በሚተርፈው ገንዘብ ነው እንጂ።

በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አድርጎ የአነስተኛ ቤቶችን ኪራይ ቀነሰ። ይህም ለብዙ ድኻ መጠጊያ ሆነ፤ ነገር ግን ኪራዩ ለማደሻ ስላልበቃ የቀበሌው ቤት አረጀ፥ ጣራውም አፈሰሰ። በአዲስ አበባ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የተሠራው የጋራ መኖሪያ ቤት ደግሞ ጽኑ ግንብ አቆመ፤ ሆኖም ቅድሚያ ክፍያ ያጣው ከደጅ ቀረ፤ የባንኩን ዕዳ ለመክፈል ሲል የደረሰውን ቤት አከራይቶ ራሱ በርካሽ ቤት የተቀመጠውም ጥቂት አይደለም።

እንግዲህ ሁለቱም የሠሩት በከፊል ነው። የጎደለው መካከለኛው መንገድ ነው፤ ይኸውም ማዘጋጃ ቤት ለሽያጭ ሳይሆን ለኪራይ የሚሠራው፥ ኪራዩም ለማደሻ የሚበቃና ደመወዝን የማይውጥ ቤት ነው።