ስምንተኛው ሰርቨር፦ የዴቭኦፕስ ታሪክ



ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦገስት 1 ቀን 2012፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ተከፈተ። ናይት ካፒታል የተባለው አገበያይ ድርጅት በቀደሙት ቀናት በስምንት ሰርቨሮች ላይ አዲስ ኮድ ሲጭን ሰንብቷል። የሚጫነው በሰው እጅ ነበር። ሰባቱ ላይ ተጫነ፤ ስምንተኛው ተረሳ። ሌላ ባለሙያ ሥራውን ደግሞ እንዲያይ የሚያስገድድ የተጻፈ ሥርዓት አልነበረም።

በተረሳው ሰርቨር ላይ ከ2003 ጀምሮ ሥራ የፈታ አሮጌ ኮድ ተኝቶ ነበር። አዲሱ ኮድ ደግሞ ያን አሮጌ ኮድ ይቀሰቅስ የነበረውን ምልክት ለሌላ ጉዳይ ይጠቀምበታል። ገበያው ተከፍቶ ምልክቱ ሲበራ ሰባቱ አዲሱን ሥራ ያዙ፤ ስምንተኛው የተኛውን ቀሰቀሰ። የተገበያየውን ቆጥሮ «በቃ» የሚለው ክፍል በ2005 ከቦታው ተነሥቶ ስለነበር አሮጌው ኮድ ማቆሚያ አልነበረውም። በአሮጌው ኮድ በኩል ያለፉት የደንበኞች ትዕዛዞች 212 ብቻ ናቸው። ከእነዚያ 212 ትዕዛዞች በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይቶች ተፈጸሙ። ባለሙያዎቹ ምክንያቱን ሲፈልጉ አዲሱን ኮድ በትክክል ከተጫነባቸው ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ አነሡት፤ ያን ጊዜ አሮጌው በስምንቱም ላይ ነቃ። ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ ድርጅቱም በዓመቱ ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሕዶ ራሱን ችሎ መቆሙ አበቃ።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማነው የረሳው?» ብሎ ነው። ዴቭኦፕስ የምንለው ሶፍትዌር የሚጽፉትና ሰርቨሮችን የሚያስተዳድሩት አብረው የሚሠሩበትን አሠራር ነው፤ ታሪኩም፣ እኔ እንደማየው፣ ይህ ጥያቄ ቀስ በቀስ በሌላ ጥያቄ የተተካበት ታሪክ ነው፦ አንድ ሰው ቢረሳ ኩባንያ የሚያፈርስ መንገድ ለምን ተሠራ?

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ኮምፒውተር በተቆለፈ ክፍል የሚኖር ውድ ዕቃ ነበር። ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው የተበሳ ካርዱን አስረክቦ ይሄዳል፤ ማሽኑን የሚነካው ኦፕሬተሩ ብቻ ነው። ውጤቱ በሰዓታት ወይም በማግስቱ ይመጣል። ማሽኖቹ ረክሰው በየቢሮው ከገቡ በኋላም ያ የሥራ ክፍፍል አልጠፋም። የሶፍትዌር ክፍሉ የሚመሰገነው አዲስ ነገር ቶሎ ሲያወጣ ነው፤ ሰርቨሮቹን የሚያስተዳድረው ክፍል የሚመሰገነው ምንም ሳይቋረጥ ሲያድር ነው። አንዱ የሚሸለምበት ሌላው የሚቀጣበት ሆነ። ስለዚህ ለውጥ እየተጠራቀመ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ ረጅም የመመሪያ ወረቀት ተይዞ በእጅ ይጫናል። ሰኞ ጠዋት ሲስተሙ ሲወድቅ ከተጠራቀሙት ለውጦች መካከል የትኛው እንደጣለው ለማወቅ ቀናት ይፈጃል።

ከዚህ ልማድ ቀድሞ የወጣ አንድ ሰው አለ፤ ማርክ በርጌስ። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የቲዎሪ ፊዚክስ ተመራማሪ ሳለ የክፍሉን ኮምፒውተሮች የማስተዳደር ሥራ ይሠራ ነበር። ማሽኖቹ የተለያየ ዓይነት ዩኒክስ ስለሚጠቀሙ ለእያንዳንዱ የሚጻፈው ትዕዛዝ ተዝረከረከበት። በ1993 ሲኤፍኤንጂን የተባለውን መሣሪያ ሠራ። የበርጌስ ሐሳብ በዚህ ሙያ ውስጥ ከተነሡት ሁሉ ትልቁ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድን ልጅ «ሦስት ጣሳ ውሃ እንስራው ውስጥ ጨምር» ብላችሁ ሁለት ጊዜ ብታዙት ውሃው ሊፈስ ይችላል። «እንስራው ሙሉ ይሁን» ብትሉት ግን አሥር ጊዜ ቢመላለስም የጎደለውን ብቻ ይሞላል፤ ሙሉ ከሆነም ምንም ሳይነካ ይመለሳል። በርጌስ ለማሽን የሚሰጠውን ትዕዛዝ ከመጀመሪያው ዓይነት ወደ ሁለተኛው አዞረው። ሰርቨሩ መሆን ያለበት ምን እንደሆነ ይጻፋል፤ መሣሪያው ያለውን ከተጻፈው ጋር እያመሳከረ ያስተካክላል። የትኛው ሰርቨር እንደቀረ ማስታወስ የሰው ሥራ መሆኑ ይቀራል። ናይት ካፒታል በወደቀበት ቀን ይህ ሐሳብ ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው።

በርጌስን ተከትለው ሌሎች መሣሪያዎች፣ ፓፔት በ2005፣ ሼፍ በ2009፣ አንሲብል በ2012 መጡ። አማዞን በ2006 ሰርቨርን በሰዓት ማከራየት ሲጀምር ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሰርቨር ተገዝቶ፣ በመኪና መጥቶ፣ በገመድ የሚታሰር ዕቃ መሆኑ ቀርቶ በጥቂት መስመር ኮድ የሚጠራና የሚሰናበት ነገር ሆነ። መሠረተ ልማቱ ራሱ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ እንደማንኛውም ጽሑፍ ይቀመጣል፣ ይታረማል፣ ማን መቼ ምን እንደለወጠ ይታወቃል። በ2013 ዶከር ፕሮግራሙን ከነሚያስፈልገው ሁሉ በኮንቴይነር ማሸግን ለብዙኃኑ አቀረበ፤ በዓመቱ ጉግል ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድረውን ኩበርኔቲስን፣ ሃሺኮርፕ ደግሞ መሠረተ ልማትን በጽሑፍ የሚያቆመውን ቴራፎርምን አወጡ። በመሣሪያዎቹ ላይ አልቆይም። ወጣት ባለሙያዎቻችን ስማቸውን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ መሣሪያዎቹን ያወጣቸው አስተሳሰብ ግን ከእነርሱ በታች ተቀብሮ ሲቀር አያለሁ።

አስተሳሰቡ በአደባባይ የተነገረው በ2009 ነው። በዚያ ዓመት በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ በተደረገ ጉባኤ ላይ ከፎቶ ማኅደሩ ፍሊከር የመጡ ሁለት ሰዎች መድረክ ላይ ወጡ። ጆን ኦልስፓው የሰርቨሮቹ ኃላፊ ነው፤ ፖል ሃሞንድ የሶፍትዌሩ። ሁለቱ አብረው መቆማቸው ራሱ መልእክት ነበር። በቀን ከአሥር ጊዜ በላይ አዲስ ኮድ እንደሚጭኑ ሲናገሩ ብዙ አድማጭ ድፍረት መሰለው። ማስረጃቸው ግን ቀላል ነበር። አንድ ትንሽ ለውጥ ብቻ ከተጫነና ሲስተሙ ከታመመ በሽታው የት እንዳለ ይታወቃል፤ መመለሱም የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ደጋግሞ መጫን ደኅንነት የሚሰጠው ግን ፍተሻውም ጭነቱም በማሽን የሚሠራ፣ ከጭነቱ በኋላ የሆነውም ሁሉ በመለኪያ የሚታይ ሲሆን ነው።

ያን ንግግር በሩቅ ከተከታተሉት አንዱ ቤልጂየማዊው ፓትሪክ ደቧ ነበር። በመንግሥት ዳታ ሴንተር ሥራ ላይ በሶፍትዌር ጸሐፊዎቹና በሰርቨር አስተዳዳሪዎቹ ወገኖች መካከል ሲመላለስ የተማረረ ሰው ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ ላይ በጌንት ከተማ የሁለቱን ወገን ሰዎች ሰብስቦ ዴቭኦፕስዴይስ የሚል ጉባኤ አደረገ። ስሙም ከዚያ ተነሥቶ ዓለምን ዞረ።

እህት ወንድሞቼ፣ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ማለፍ የምፈልገው ነገር አለ። ኦልስፓው በ2012፣ ናይት ካፒታል ከመውደቁ ከወራት በፊት፣ ኤትሲ በተባለው የመስመር ላይ ገበያ ሲሠራ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ጥፋት ሲደርስ የሠራውን ሰው መቅጣት ሌሎቹን ዝም ያሰኛል፤ ዝም ያለ ሰው ደግሞ ምን እንዳየ፣ ምን እንደመሰለው፣ ለምን ያ ትዕዛዝ ትክክል እንደመሰለው አይናገርም። ስለዚህ የተሳሳተው ሰው ያለ ፍርሃት ሙሉውን ይተርክ፤ የሚታረመው መንገዱ ይሁን ይላል። ይህ ልልነት የሚመስለው ሰው አለ። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ ጥብቅ ተጠያቂነት አላውቅም፤ ምክንያቱም አንድን ሰው ማባረር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መንገዱን ማረም ግን ወራት የሚጠይቅ፣ ከአለቆችም ገንዘብና ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው።

የኮድ ማኖሪያ አገልግሎት የሚሰጠው ጊትላብ በጃንዋሪ 2017 ይህን በተግባር አሳየ። አንድ መሐንዲስ ሌሊት ደክሞት ሲሠራ ዋናውን ዳታቤዝ በስህተት ሰረዘው። ወደ ባክአፕ ሲሄዱ ከአምስቱ የመጠባበቂያ ዘዴዎች አንዱም እንደታሰበው አይሠራም። የስድስት ሰዓት ያህል መረጃ ጠፋ። ኩባንያው የማገገሚያ ሥራውን በቀጥታ ሥርጭት አሳየ፤ የመሐንዲሱን ስም አልጠራም፤ ዝርዝር ዘገባውን ሁሉም እንዲያነበው አወጣ። ያን ቀን በዓለም ላይ ስንት መሥሪያ ቤት ባክአፑ በእርግጥ ይመለስ እንደሆነ ሊፈትሽ እንደተነሣ መገመት አያዳግትም።

የደኅንነት ሰዎች ወደዚህ ሥራ የገቡት ዘግይተው ነው። ለረጅም ጊዜ ፍተሻቸው መጨረሻ ላይ፣ ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚደረግ ነበር። በቀን አሥር ጊዜ የሚጭን ድርጅት ያን መጠበቅ አይችልም፤ ስለዚህ ፍተሻው ኮዱ በተጻፈባት ሰዓት፣ በማሽን፣ በየለውጡ እንዲደረግ ሆነ። ነገር ግን አዲስ አደጋም አብሮ መጣ። ሰርቨሮችን ሁሉ የሚከፍተው ቁልፍ በጽሑፍ ከኮዱ ጋር መቀመጥ ጀመረ። በ2016 ኡበርን የዘረፉት ሰዎች የድርጅቱ መሐንዲሶች ኮድ ከሚያስቀምጡበት ቦታ ውስጥ የክላውድ ቁልፍ አገኙ፤ የ57 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ወጣ። ቁልፍን ከኮድ ለይቶ በካዝና ማኖር፣ ዕድሜውን ማሳጠር፣ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚበቃውን ፈቃድ ብቻ መስጠት ዛሬ የሙያው ሀሁ የሆነው በእንዲህ ያለ ዋጋ ነው።

ከዚያ ጠላት ወደ ራሱ ወደ ማምረቻው መስመር ዞረ። የኮምፒውተር ሊቁ ኬን ቶምሰን በ1983 የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበል ኮዱ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚለውጠው መሣሪያ ሊበከል እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። በ2020 ሶላርዊንድስ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ላይ የሆነው የዚሁ ዘመድ ነው፤ ሰርጎ ገቦች ሶፍትዌሩ በሚገነባበት ሂደት ውስጥ የራሳቸውን ኮድ ጨመሩ፤ ኩባንያው በትክክለኛ ፊርማው አትሞ እስከ 18,000 ለሚደርሱ ደንበኞች አሰራጨው። በማርች 2024 ደግሞ በብዙ ሊኑክስ ሲስተሞች ውስጥ የሚገኘው ኤክስዜድ የተባለው የፋይል መጭመቂያ የተበከለ መሆኑ ተደረሰበት። ያወቀው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ወደ ማሽኑ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘግይቶበት ለምን ብሎ መረመረ።

በዚያው ዓመት ጁላይ 19 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ጉድለት ያለበት ፋይል ላከ፤ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ወደቁ፤ አውሮፕላኖች ቆሙ። ጠላት አልነበረበትም። ፋይሉ መጀመሪያ ለጥቂቶች፣ ከዚያ ለብዙዎች ተብሎ በደረጃ ቢላክ ጉዳቱ ጥቂቶቹ ጋ ይቆም ነበር፤ ኩባንያው ራሱ ከዚያ በኋላ በደረጃ ለመላክ ቃል ገብቷል።

እኛም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ሌሊት አይተናል። ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ተናገረ፤ ብሔራዊ ባንክም ችግሩ በጥገናና ፍተሻ ሥራ ወቅት እንደተፈጠረ ገለጸ። ወሬው ግን በየኤቲኤሙ ስለተሰለፉት ተማሪዎች ነበር። እኔ ያኔ ለመስማት የጓጓሁት የጥገናውን ነገር ነው። ለውጡ በመጀመሪያ በሙከራ ሲስተም ላይ ተሞክሯል ወይ? ለስንት ደንበኞች በአንድ ጊዜ ተለቀቀ? የሚመልሰውስ መንገድ ተዘጋጅቶ ነበር? ገንዘባችን በስልካችን ውስጥ በሚኖርበት በዚህ ዘመን ባንኮቻችንና ቴሌኮሞቻችን ከእንዲህ ያለ ሌሊት በኋላ ሰዓት በሰዓት፣ የማንንም ስም ሳይጠሩ፣ ምን እንደተለወጠና የትኛው ፍተሻ እንደቀረ ጽፈው እንዲያወጡ እጠይቃለሁ። በሐዋሳም ሆነ በመቀሌ በሌላ ባንክ ሰርቨር ላይ የሚያድረው ወጣት ሊያነበው ይገባል።