ስለ ምልክትና ስለ ትርጓሜው

በከላላ በቤተ ክርስቲያን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተነገረ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ምልክት በራሱ ዝም ያለ ነገር ነው፤ አንደበት የሚሆነው አስተማሪው ነው። አስተማሪ ያጣ ምልክት እንደ ሆነ፥ የመጣው ሁሉ የወደደውን ያናግረዋል። ዛሬ አንዳንድ ወጣቶች በአሮጌ ሥዕል ላይ የሰሎሞንን ኮከብ፥ ወይም በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተሣለ ዐይን ባዩ ጊዜ፥ «ይህስ የፍሪሜሶን ምልክት ነው፤ ይፋቅ» ይላሉ። ዳሩ ግን የተፋቀ ሥዕል አይመለስምና፥ ምልክቱ ከማን ወደ ማን እንደ ሄደ አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

ፍሪሜሶን የሚባለው ማኅበር የኤውሮፓን አብያተ ክርስቲያናት ይሠሩ ከነበሩት ከድንጋይ ጠራቢዎች ስሙንና መሣሪያውን የወረሰ ነው። በለንደን አራት ማኅበሮች ተባብረው ታላቁን ማኅበር ያቆሙት በፈረንጆች ቁጥር በ1717 ዓመት ነው። ኮምፓስና ስኳድራ ግን ከዚያ አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያን ነበሩ። በ13ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር በተዘጋጀ የመጽሐፍ ቅዱስ ሥዕል ላይ እግዚአብሔር ዓለምን በኮምፓስ ሲለካ ይታያል። ሐዋርያው ቶማስም በሕንድ አገር ሕንጻ ሠሪ እንደ ነበረ ስለሚተረክ፥ የምዕራብ ሠዓልያን ስኳድራ አስይዘው ይሥሉታል። በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለው ዐይን በ17ኛው መቶ ዓመት በኤውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት የሥላሴና ሁሉን የሚያይ የአምላክ ምልክት ነበረ። የአሜሪካ መንግሥት ዐይኑን በማኅተሙ ላይ ያኖረው በ1782፥ ቶማስ ስሚዝ ዌብ ለፍሪሜሶን በጻፈው መጽሐፍ ያስገባው በ1797 ነው። እንግዲህ አበዳሪው ማን፥ ተበዳሪውም ማን እንደ ሆነ ዓመቱ ይናገራል።

የትርጓሜ መለዋወጥ በባሕር ማዶ ብቻ የሆነ አይደለም። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ ክርስቲያኖች በልብሳቸውና በጦር መሣሪያቸው፥ በማረሻቸውም ሳይቀር መስቀል እንዲያደርጉ አዘዙ። ከከላላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ በአምባሰል፥ የመስቀል መልክ ባለው በግሸን ደብረ ከርቤ ግማደ መስቀሉ በእርሳቸው ዘመን እንዳረፈ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። በእናቶች ግንባር የሚነቀሰው መስቀልም ለአንዲቱ የእምነት ምስክር፥ ለሌላዪቱ የውበት ጌጥ ነው። የሰሎሞን ማኅተምም እንዲሁ ነው፤ ደብተሮች በክታብ ላይ ይሥሉታል፥ እስላሞች የነቢዩ ሱሌይማን ማኅተም ብለው ያከብሩታል፥ የሞሮኮ መንግሥትም በፈረንጆች ቁጥር በ1915 በሰንደቅ ዓላማው ላይ አድርጎታል።

ከሁሉም ይልቅ የአንበሳው ታሪክ ያስተምራል። የይሁዳ አንበሳ የሚለው ነገር ከያዕቆብ ምርቃት፥ ከኦሪት ዘፍጥረት 49ኛ ምዕራፍ የመጣ ነው፤ በዮሐንስ ራእይ 5ኛ ምዕራፍ ግን ድል የነሣው አንበሳ ክርስቶስ ነው። ዮሐንስ ስለ አንበሳ ሰማ፤ ባየ ጊዜ ግን ያየው እንደ ታረደ የቆመ በግ ነው። ነገሥታቱ አንበሳውን በማኅተማቸው ላይ አኖሩት፥ በጉን ግን አላኖሩትም። ስቬን ሩቤንሰን የተባለ የታሪክ ጸሐፊ በፈረንጆች ቁጥር በ1965 እንዳስረዳው፥ ቃሉ አስቀድሞ ስለ ክርስቶስ ድል የሚናገር መፈክር ነበረ፤ በኋላ ግን የንጉሡ የማዕርግ ስም መሰለ። በ1887 ዓ.ም. ቁጥር በፓሪስ የተመታው የዐፄ ምኒልክ ብር ይህን አንበሳ ይዞ ወጣ። በ1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓል በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት የቆመውን የአንበሳ ሐውልት ፋሺስቶች ወደ ሮማ ወስደውት ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሰ። በ1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከወረዱ በኋላ የአንበሳው ዘውድ ተነሣ፥ የበትሩም መስቀል በጦር ጫፍ ተለወጠ፤ ጥቂት ቆይቶም አንበሳው ራሱ ከሰንደቅ ዓላማው ወጣ። በጃማይካ የተነሡት ራስ ተፈሪያውያን ደግሞ ያንኑ አንበሳ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰጥተው ያከብሩታል። በ1988 ዓ.ም. በሰንደቅ ዓላማው ላይ ኮከብ ገባ፤ ሕጉም ዓርማው ሕዝቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት ለመኖር ያላቸውን ተስፋ ያሳያል ይላል።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛ፥ ሌላ ሰው ተበድሮ በያዘው ጊዜ ምልክት ለባለቤቱ አይረክስም፤ ጎረቤት የተዋሰውን ምጣድ ቢጋግርበት፥ ምጣዱ የጎረቤት እንዳይሆን ማለት ነው። ሁለተኛ፥ መነሻው ቅዱስ ስለ ሆነ አያያዙ ሁሉ ቅዱስ አይሆንም፤ ኮከቡን በክታብ አንጠልጥሎ ጸሎትን የተወ ሰው በሰሎሞን ቀለበት አይድንም፥ መስቀሉን ነቅሶ ወንድሙን የሚጠላም እንዲሁ።

ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን በታደሰ ጊዜ ከቀለም ቀቢው አስቀድሞ መምህሩ ይጠራ፤ አሮጌው ሥዕል ሳይነካ ትርጓሜው ከሊቃውንት ይጠየቅ፥ ይጻፍም፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ለሕፃናት ይነገር። ሥዕልን መፋቅ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ትርጓሜን ማስተማር ግን የትውልድ ሥራ ነው። አንበሳውን ያየ ልጅ በጉን እንዲያስብ ማድረግ የአባቶች ዕዳ ነው።