ስብሐትን ማን ያንብበው?

እሷ፦ የዛሬ ምሽት የሬዲዮ ወሬያችን ስለ ልቦለድና ስለ ጸያፍ ቃል ነው። ጋቢህን ደርበህ ዝም አልክ፤ በል ጀምር!

እሱ፦ ብርዱን አታዪም እንዴ? እንግዲህ ደራሲውን ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን ሳላነሳ አላልፍም። «ሌቱም አይነጋልኝ» የተባለውን ልቦለድ የጻፈው በንጉሡ ዘመን ነው፤ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው ግን ደርግም ካለፈ በኋላ። እስከዚያ ቅጂው ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር።

እሷ፦ እኔስ ገና ከመነሻው ጆሮዬ ጋለና አስቀመጥኩት።

እሱ፦ ታሪኩ የአዲስ አበባው የመሸታ ሰፈር የውቤ በረሃ ነው፤ ታዲያ ሴተኛ አዳሪና ደንበኛዋ በእኩለ ሌሊት «ክቡርነትዎ» ይባባሉ?

እሷ፦ አላልኩም! ያየውን ነው የጻፈው፤ እሱንስ አልነፍገውም። ግን እስቲ ከሮቤ ጎባ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ጮክ ብለህ አንብበው፤ አዛውንቶቹ መሀል።

እሱ፦ ጮክ በል ማን አለኝ? ልቦለድ ለብቻ የሚነበብ ነገር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሳንሱርን ከልክሏል። ያልጣመው ይዝጋው።

እሷ፦ ለመዝጋት እኮ መጀመሪያ ማወቅ ያሻል። አንድ አዟሪ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ከልጆች ተረት ጎን ደርድሮት አይቻለሁ።

እሱ፦ እሱ ላይ አልከራከርሽም። ሽፋኑ ላይ «ለአዋቂዎች» ተብሎ ቢጻፍ ደራሲው ምን ይጎዳል?

እሷ፦ እንዲያውም ገበያው ይደራለታል! ያንን አይቶ የማያነሳ ጎረምሳ አሳየኝ።

እሱ፦ አንቺ ደግሞ! አድማጮች፣ ስልካችን ክፍት ነው። ጸያፉን ቃል ግን በአየር ላይ እንዳትደግሙት፤ ሬዲዮ ሳሎን የተቀመጠው ሁሉ ይሰማዋል።