ስንት? በምን?



የመጀመሪያ ዓመት ፊዚክስ ትዝ ይላችኋል? ስሌቱ ልክ ሆኖ እንኳ ኪሎግራም ወይም ሜትር ብለን ካልጻፍን ነጥብ ይቀነስብን ነበር። «አሁን ይሄ ምን ያስቀንሳል?» እያልን እናጉረመርም ነበር አይደል? እኔ መልሱን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ በሥራዬ ላይ ነው።

ቡና ወደ ውጭ ለሚልክ አንድ ድርጅት ዳታ ዌርሃውስ ሠራሁ፤ የግዢ፣ የመጋዘንና የሽያጭ መረጃ በአንድ ቦታ ተሰባስቦ ሪፖርት የሚወጣበት ማለት ነው። ሽያጩን በብር ብቻ አስገባሁት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቀጥሎ የወጣው የእኔ ሪፖርት «ሽያጭ በእጥፍ ሊያድግ ምንም አልቀረው» አለ። ተጨበጨበ። እዚያው ስብሰባ ላይ ተጨማሪ ማሽን በብድር ይገዛ የሚል ሐሳብ ተነሣ።

ስንወጣ የመጋዘኑ ኃላፊ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ከእኔ መጋዘን የወጣው ጆንያ እኮ ካምናው ያንሳል» አሉኝ።

አጣራሁ፤ እውነታቸውን ነው። ነገሩን በቀላል ምሳሌ ላሳያችሁ፦ 10,000 ዶላር በ57 ሲመነዘር 570,000 ብር ነው። 9,000 ዶላር በ110 ሲመነዘር ደግሞ 990,000 ብር። ብሩ ውሸት አይደለም፤ «ብዙ ሸጥን ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም።

ይባስ ብሎ «ብዛት» ባልኩት አምድ ውስጥ ግዢው በፈረሱላ፣ ጭነቱ በኩንታል ገብቷል። ኮምፒውተሩ 17 ኪሎውንም 100 ኪሎውንም እኩል «አንድ» ብሎ ደምሮታል። ኮምፒውተር አያፍርም፤ ያፈርኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ስሕተቴን ለአለቆቼ ተናገርኩ፤ የብድሩም ነገር ቆመ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምሠራው። ገንዘቡ በተከፈለበት ምንዛሪ እንዳለ ይቀመጣል፤ አጠገቡ የገንዘቡ ዓይነትና ቀኑ ይጻፋል። የየዕለቱ ተመን ለብቻው ሰንጠረዥ አለው። ወደ ብር ስንቀይር በሽያጩ ቀን ተመን ይሁን ወይስ ለማነጻጸሪያ በተያዘ አንድ ተመን፣ ሪፖርቱ ላይ ይነገራል። ክብደትም ሲመጣ በነበረበት መለኪያ ይቀመጥና በሌላ አምድ ወደ ኪሎ ይለወጣል። ዋጋ ደግሞ አይደመርም፤ አማካይ ዋጋ የሚገኘው ጠቅላላ ገንዘቡ ለጠቅላላ ኪሎው ሲካፈል ነው።

ገበያ የወጣች እናት «ስንት ነው?» ብላ ብቻ አትገዛም፤ «በኪሎ ነው በጣሳ?» ትላለች። እኛ በዲግሪ ተመርቀን ይህችን ጥያቄ ረሳናት።

መምህራኖቻችን፣ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ያቺ የፊዚክስ ቀይ እስክሪብቶ ዳታቤዝ ክፍልም ትግባ። ተማሪው ዛሬ ቢያጉረመርም ነገ ያመሰግናችኋል። እኔ ይኸው፣ ዘግይቼም ቢሆን፣ አመስግኛለሁ።