ጉድጓዱ ጭቃውን ሲውጥ

የጂኦተርማል ጉድጓድ ሲቆፈር፣ የሚወርደው የቁፋሮ ጭቃ መሰርሰሪያውን አቀዝቅዞ የዓለቱን ፍርፋሪ ይዞ መመለስ አለበት። በስንጥቅ ሾልኮ ከቀረ ፍርፋሪው ታች ተከማችቶ መሰርሰሪያውን አንቆ ይይዛል።

እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 ድረስ 8 ጉድጓዶች በተቆፈሩበት አሉቶ ላንጋኖ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። በዚህ ዓይነቱ ሙቀት ሰጋቱራና መሰል መድፈኛ ስለሚበላሽ እምብዛም አያስተማምንም። ስለዚህ በላይኛው ክፍል ስንጥቁ በሲሚንቶ ይደፈናል፤ እስኪጠነክር ተጠብቆ እንደገና ይሰረሰራል። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን መዝለል አይገባም፤ አለዚያ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው የብረት ቱቦ ዙሪያውን በሲሚንቶ በደንብ አይታሰርም።

እንፋሎቱ ካለበት ጥልቀት ሲደረስ ነገሩ ይገለበጣል። ጭቃ የሚውጠው ስንጥቅ ራሱ የእንፋሎቱ መምጫ ነውና እሱን መድፈን ትልቅ ጥፋት ነው። እዚያ በንጹሕ ውኃ ወይም አየር በተቀላቀለበት ውኃ ይቆፈራል።